ከመስቀያው በፊት ግድግዳው

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



ባለፈው ወር ሊቀመንበራችን "የሚቀጥለው ተራ የአንቺ ነው፣ ከምታውቂው ነገር አካፍይን" ሲሉኝ ስለ ቁጠባ ወይም ስለ ሽንኩርት ንግድ የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የማውቀው ብሎንና ሚስማር ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ቆሜ ሸጫለሁ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ጠፍጣፋ ቲቪ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀልበት ብረት ነው። አትሳቁ፣ እስክጨርስ ጠብቁኝ።

ስሙን እንኳ ገና አልተስማማንበትም። አንዷ ስታንድ ትለኛለች፣ ሌላዋ ብራኬት፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ "የቴሌቪዥን ማንጠልጠያ" ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ዛሬ መስቀያ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ከመካከላችን አንዲት እህት ወደ መደብሩ መጣች። እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። እቁብ ደርሷት 43 ኢንች ቲቪ ገዝታ ነበር። "መስቀያ ስጪኝ" አለችኝ። "ስንት ኢንች ነው?" አልኳት፤ ነገረችኝ። መስቀያውን አወጣሁ፣ አራት ፊሸር ከነብሎኑ ቆጥሬ ጨመርኩ፣ ብሯን ተቀበልኩ። ሌላ አንድም ነገር አልጠየቅኳትም።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። በፌስታል የያዘችውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። መስቀያው ነው። አራቱ ፊሸሮችም አሉ፣ በየአንዳንዳቸው ላይ የደረቀ ጭቃ ተጣብቆባቸዋል። ቲቪው ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ወድቋል። የልጅ ልጇ ከቲቪው ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ነበር። እናቱ አቦሉ ሲቀዳ ገላውን ልታጥበው አንስታው ወጣች፤ ቶናው ሳይደርስ ቲቪው ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

"ብሬን መልሺ" አላለችኝም። "ግድግዳሽ ምንድን ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ ጭቃ ነው እልሽ ነበር" ነው ያለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መስቀያ ልትገዛ የመጣችን ሰው ስለ ኢንች ከመጠየቄ በፊት ስለ ግድግዳዋ እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ይገርማታል። "አንቺ ምን አገባሽ?" ያለችኝም አለች።

ከደጋፊዎቻችን መካከል ቲቪ ቅንጦት የሚመስላችሁ ብትኖሩ አልቀየማችሁም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በራችንን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ የእኔ ቲቪ የነበረበት ግድግዳ ላይ አራት ቀዳዳ ብቻ ቀርቶ ነበር። ልጄ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችን የገዛነው ቲቪ ሁለተኛችን ነው፤ በማሾ፣ በሽንኩርት፣ በጉሊት የተጠራቀመ። ሁለተኛው ሲወድቅ ሦስተኛውን ለመግዛት እቁቡ እንደገና እስኪዞር መጠበቅ ነው። ስክሪኑ አንዴ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

እነዚያን አራት ቀዳዳዎች ካነሳሁ አይቀር፣ መልሳችሁ አትጠቀሙባቸው። ብሎን ተጎትቶ የወጣበት ቀዳዳ ሰፍቷል። ወፍራም ፊሸር ወይም የክብሪት እንጨት ጠቅጥቆ ማጥበቅ ለቀን መቁጠሪያ ይሆናል፣ ለቲቪ አይሆንም። ድፈኑትና አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብላችሁ አዲስ ብሱ።

አሁን ወደ ግድግዳው ልግባ። እኛ አገር ቤቱ ሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ከተቀባ ጭቃውም ብሎኬቱም ለዓይን አንድ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ቤቱ ሲሠራ አላያችሁም። መስኮቱ ሥር ልስኑ የተላጠበት ቦታ ካለ እዩ። ከሌለ በቀጭን መብሻ ጥግ ላይ ትንሽ ብሱና የሚወጣውን ዱቄት እጃችሁ ላይ ተቀበሉት። ግራጫ ሆኖ እስከ መጨረሻው ከቀጠለ ብሎኬት ነው። መጀመሪያ ግራጫ ወጥቶ ወዲያው ቡናማ ከሆነ፣ ልስን የለበሰ ጭቃ ነው።

ፊሸር ለምን ጭቃ ላይ እንደማይሠራ ላስረዳ። በነገራችን ላይ ፊሸር የሰው ስም ነው። አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ በ1958 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ፕላስቲክ ነው፣ ስሙ እኛ ጋ ድረስ መጣ። ብሎኑ ሲገባበት ያብጣል፣ አብጦም የቀዳዳውን ዙሪያ ይገፋል። ዙሪያው ጠንካራ ከሆነ አጥብቆ ይይዘዋል። ጭቃ ግን ሲገፉት ይፈረፈራል። ክፋቱ የመጀመሪያው ቀን ጥብቅ ያለ መምሰሉ ነው። በር በተገጨ ቁጥር፣ ከባድ መኪና በአስፋልቱ ባለፈ ቁጥር፣ ልጅ ቲቪውን በነካ ቁጥር ጥቂት ጥቂት አፈር ይረግፋል። የዚያች እህታችን ሦስት ሳምንት ፈጅቷል።

ታዲያ በጭቃ ቤት አይሰቀልም ማለት ነው? ይሰቀላል። ጭቃው መሸከም ባይችልም ውስጡ ያለው እንጨት ይችላል። ከቋሚ እስከ ቋሚ ያለው ርቀት በየቤቱ ይለያያል፤ ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ እያንኳኳችሁ ሂዱ፣ ድምፁ ድፍን ያለበት ቦታ ላይ በቀጭን ሚስማር አረጋግጡ። ሚስማሩ ጭቃውን አልፎ እንጨት ሲነካ እጃችሁ ያውቀዋል። ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ቋሚ ካገኛችሁ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደርስ ወፍራም ጣውላ አጋድሙና በረጅም የእንጨት ብሎን ከቋሚዎቹ ጋር እሰሩት። መስቀያው የሚመታው ጣውላው ላይ ነው። ጣውላውን ቀለም ብትቀቡት ጌጥ ይመስላል፤ እኔ ቤት የሚመጣ ሁሉ ዲዛይን ነው የሚለው።

አንድ ነገር ግን የእኛ ቆላ ያመጣው ጣጣ አለ፣ ምስጥ። ቋሚውን አገኘሁት ብላችሁ አትቸኩሉ። ሚስማሩ እንጨቱ ውስጥ ያለ መዶሻ፣ በእጅ ግፊት ብቻ ከገባ ውስጡ ተበልቷል። እንዲህ ያለ ቋሚ ቲቪ ቀርቶ ጣሪያውንም ተሸክሞ መቆየቱ ያሳስባል። ሁለቱ ቋሚዎች ከተበሉ እኔ በግልጽ የምመክረው አትስቀሉ ነው። ዝቅ ያለ፣ እግሩ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከጀርባው ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ማሰሪያ አስገብታችሁ ከጠረጴዛው ጋር እሰሩት። ጠረጴዛውም ራሱ መሳቢያ ባይኖረው ይሻላል፤ ልጅ መሳቢያ ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣበታል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት በቲቪና በቁም ሣጥን መውደቅ ስለሚሞቱና ስለሚጎዱ ሰዎች በየጊዜው ሪፖርት ያወጣል፤ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው።

ብሎኬት ቤት ያላችሁ ደግሞ ቶሎ አትደሰቱ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። የፊቱ ግድግዳ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነው፤ ረጅም ፊሸር ስትከቱ ጫፉ ባዶ ቦታ ውስጥ ገብቶ የሚገፋው ነገር ያጣል። መብሻው ደግሞ እየመታ እንዲበሳ ከተደረገ የብሎኬቱን ፊት ከውስጥ በኩል ይሰብረዋል፤ ከውጭ አይታያችሁም። ስለዚህ ባለሙያውን "መምቻውን አጥፍተህ በማሽከርከር ብቻ ብሳ" በሉት። ይገረማል፣ ግን ይሰማችኋል። ከሁሉ የሚሻለው የአርማታውን ኮለን ማግኘት ነው። ኮለን ላይ የገባ ፊሸር የትም አይሄድም። ኮለኑ ለቲቪው የማይመች ቦታ ከሆነና ግድግዳው ከጀርባ የራሳችሁ ክፍል ከሆነ፣ ከዚህ ወደዚያ ዘልቆ የሚወጣ ረጅም ብሎን በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ማሰር ይቻላል። ከጀርባ ያለው ክፍል የጎረቤት ከሆነ እንኳ ጠይቁ። ለእኔ ጎረቤቴ ፈቅዳልኛለች፣ ዳዶው ላይ የልጇን ቦርሳ ትሰቅልበታለች።

ኤሌክትሪኩን አትርሱ። ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው መስመር አታስበሱ፣ ሽቦው ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሲበሳ በዚያ ክፍል ያለው መስመር ከብሬከሩ ይጥፋ፤ ለመብሻው ከሌላ ክፍል በማራዘሚያ ይሳባል።

መስቀያው ራሱ ሦስት ዓይነት ነው የሚመጣልን። ግድግዳው ላይ ልጥፍ የሚለው፣ ወደ ታች ዘንበል የሚለው፣ እና ክንድ ኖሮት ወደ ፊት የሚሳበውና የሚዞረው። ሁሉም ሰው የሚወደው ሦስተኛውን ነው፤ በዋጋውም ለእኛ ለሻጮች ይሻለናል። እኔ ግን ለጭቃ ቤት አልሸጠውም። ምክንያቱን ውሃ የቀዳች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ጄሪካኑን ከጭናችሁ አስጠግታችሁ ስትይዙትና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስትይዙት ክብደቱ አንድ ነው? 43 ኢንች ቲቪ 9 ኪሎ ይመዝናል እንበል። በላይኛውና በታችኛው ብሎን መካከል 20 ሳንቲም ካለ፣ ቲቪው ከግድግዳው 5 ሳንቲም ብቻ ሲርቅ የላይኞቹን ብሎኖች ወደ ውጭ የሚስባቸው ኃይል ከ2 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ክንዱን ስባችሁ 40 ሳንቲም ስታወጡት ያው ቲቪ ላይኞቹን በ18 ኪሎ ይጎትታቸዋል። ካርቶኑ ላይ 25 ኪሎ ወይም 30 ኪሎ ይችላል ተብሎ የተጻፈው የብረቱ አቅም ነው፤ ቻይና ያለው ፋብሪካ የእናንተን ግድግዳ አላየም።

ብየዳ ቤት የሚሠሩትንም አልንቅም። ጠንካሮች ናቸው፣ አንዳንዴም ከካርቶን ከሚወጣው የተሻሉ ናቸው። ብቻ ለበያጁ ኢንቹን ነግራችሁ አትመለሱ። ኢንች የስክሪኑን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ርዝመት ነው የሚነግረው። መስቀያው የሚፈልገው ከጀርባ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች ርቀት ነው። በሜትር ለኩት፤ 200 በ200 ሚሊሜትር፣ 400 በ400፣ እንዲህ ሆኖ ይመጣል። ቬሳ ይሉታል፣ ካርቶኑ ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኩል 43 ኢንች የሆኑ ሁለት ቲቪዎች ቀዳዳቸው ሊለያይ ይችላል። ቲቪው ጀርባ የሚገባው ብሎንም የራሱ ውፍረትና ርዝመት አለው። ሲያጥር በሁለት ጥርስ ብቻ ይይዛል፤ ሲረዝም ውስጡን ይወጋል። በእጅ ጀምሩት፣ እንቢ ካለ አታስገድዱት።

ወደ ከፍታው ልምጣ። ለምንድን ነው ሁላችንም ኮርኒስ ሥር የምንሰቅለው? እኔ የሚመስለኝ በልጅነታችን ቲቪ ያየነው በቀበሌ አዳራሽና በቡና ቤት ስለሆነ ነው። እዚያ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ቆሞ የሚያይ ሰው አለ፣ ሌባም አለ። ቤታችን ውስጥ ግን ተቀምጠን ነው የምናየው፣ ብዙዎቻችንም በርጩማ ላይ። የስክሪኑ መሐል ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ቢሆን አንገት አይታመምም። ሁለተኛ ምክንያትም አለኝ፣ ሙቀት። ብዙዎቹ ቲቪዎች መመሪያቸው ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት አትጠቀሙ ይላል። እዚህ በግንቦት ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከላይ ያለው አየር ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ዝቅ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ከጀርባውም አየር የሚያልፍበት ቦታ ይተውለት። ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይም አትስቀሉ፤ ክረምት ላይ ጭቃው ይርሳል።

"ዝቅ ካለ ልጆቹ ይጎትቱታል" የምትሉኝ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ለዚህ ነው ልጅ ሲጎትተው የማይነቃነቅ ሆኖ መሰቀል ያለበት። ከፍ ማለቱ ልጁን ከመንካት ያግደዋል፤ ሲወድቅ ግን ከፍ ብሎ የወደቀው ይበልጥ ይጎዳል።

ደግሞ መሬቱም ይነቃነቃል። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከእኛ በስተሰሜን ካራቆሬ ላይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷት ነበር፤ በካራቆሬም ግማሽ የሚጠጋው ቤት ወድቋል። እናቶቻችን በዚያ ዘመን ይቆጥሩበታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለወራት ከፈንታሌና ከዶፈን በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። አንድ ሌሊት መደብሩ ውስጥ የተሰቀሉት ሰንሰለቶች ሲንቀጫቀጩ እንደነበር ዘበኛችን ነግሮኛል። በዚያ ሰሞን እኔ ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፣ የልጄን አልጋ ከቲቪው ሥር አነሳሁ። መስቀያዬን አምነዋለሁ፤ ቢሆንም አልጋውን አልመለስኩትም። እናንተም ምንም ያህል ጥሩ አድርጋችሁ ብትሰቅሉት ከሥሩ ሕፃን አታስተኙ።

አሁን ዋናውን ልናገር። ቲቪውን ከመስቀላችሁ በፊት ጄሪካን ስቀሉ። መስቀያው ግድግዳው ላይ ከተመታ በኋላ የብረቱን ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ። ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን ውሃ ሙሉት፣ 20 ኪሎ ሆነ ማለት ነው፣ በገመድ ብረቱ ላይ ስቀሉትና አሳድሩት። ከቲቪው እጥፍ በላይ ይከብዳል። ጠዋት እዩ። ብረቱ ከእርሳሱ መስመር ከወረደ፣ ወይም ከላይ በኩል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ከተፈጠረ፣ የወደቀው ውሃ እንዲሆን ስላደረጋችሁ ፈጣሪን አመስግናችሁ ባለሙያውን መልሳችሁ ጥሩ። ሒሳቡን ሁሉ ከጄሪካኑ በፊት አትክፈሉ። ይህን ስል ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ዲሽ ሊያስተካክል የመጣ ልጅ በዚያው ቲቪውንም ስቀልልኝ ይባላል፣ ሌላ ቤት ይጠብቀዋል፣ ግድግዳው ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

አንድ ሐሳብ ለማኅበሩ አለኝ። እያንዳንዳችን ለመበሻ እየከፈልን ነው። ከመዋጮአችን አንድ ደህና ትራፓኖ፣ አንድ ውሃ ልክና አንድ የጣውላ መጋዝ ብንገዛ በተራ መዋዋስ እንችላለን። አጠቃቀሙን እኔ አሳያለሁ፤ ከባድ አይደለም፣ ሽሮ ከማማሰል ይልቅ ያነሰ ክንድ ነው የሚጠይቀው። ገንዘብ ያዣችን ፊታቸውን ሲያጠቁሩ አይቻለሁ፣ ስለ ዋጋው ከስብሰባው በኋላ እናወራለን።

ያቺ እህታችን እቁቡ ባለፈው ወር እንደገና ደርሷታል። አዲሱ ቲቪ ከነካርቶኑ ቤቷ ቆሟል። ቅዳሜ ከሰዓት ግድግዳዋን አብረን እናንኳኳለን፣ ቋሚዎቹን ከምስጥ እንመረምራለን፣ ጣውላው ቀለሙ ደርቋል። መምጣት የምትፈልጉ ኑ። ቡናው ከእሷ ነው፣ ብሎኑ ከእኔ። አንድ የማያፈስ ጄሪካን የምታመጣ ግን እፈልጋለሁ፣ የእሷ ተቀድዷል።